ተመራጯ የመጣች ቀን

የተያዝኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእድራችን ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ፊት ቆሜ። የሞተ ሰው አልነበረም። ድንኳኑን የተከልነው እንግዳ ስለምንጠብቅ ነበር።

እንግዳችን የመረጥናት ሴት ናት። ጊዜው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ አካባቢያችን ገና ክፍለ ከተማ ሳይባል፣ በወረዳና በቀበሌ ቁጥር በሚጠራበት ዘመን። ለምክር ቤት ስትወዳደር ከሀና ማርያም በታች ያለው ሰፈራችን ድረስ በእግሯ መጥታ ነበር። ጫማዋ ጭቃ ነክቶት፣ ወንዙ ዳር ቆማ፣ «ከተመረጡ በኋላ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ስትጠሩኝ እመጣለሁ» አለችን። አጨበጨብን። መረጥናት። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አለፈ፤ አላየናትም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ጎረቤቴን ምጥ ያዛት። ወደ ጤና ጣቢያው ለመሻገር ወንዙ ላይ ከተጋደሙት የባሕር ዛፍ ግንዶች በቀር ሌላ ነገር አልነበረንም፤ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ እነሱንም ውሃ ይወስዳቸዋል። ያን ቀን ወስዷቸው ነበር። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ዳር ላይ ቆሙ። እኔ ከራስጌዋ ሆኜ ጃንጥላ ይዤላታለሁ። ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ጎደለም። እሷ ግን እስከዚያ አልቆየችም። ልጁም ከእሷ ጋር ቀረ።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው ለመሰብሰቢያ አዳራሽ መዋጮ እያስከፈለን ነበር። አዳራሽ ቅድሚያ የተሰጠው በሕዝቡ ጥያቄ ነው አሉን። የእድራችን ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ፤ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ከቀብር መልስ እንዲህ አሉ፦ «ሕዝቡ እኛ ከሆንን አዳራሽ ይሠራ ያለ ሰው ከመካከላችን የለም። የመረጥናት ልጅ ይህን ካልሰማች ማን ይስማ? እንጥራት።»

ሁለት ጊዜ መልእክት ላክን። ስብሰባ ላይ ናት ተባልን። በመጨረሻ ከሊቀመንበሩ ጋር ቢሮዋ ድረስ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆመን ነገርናት። ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ» አለች።

ለዚያ ነው ድንኳን የተከልነው። አግዳሚዎቹን ደረደርን፤ ለእሷ ከጎረቤት ባለመደገፊያ ወንበር ተዋስን። አስተማሪ ስለሆንኩ ስለ ሁላችንም እንድናገር ተመርጬ ነበር። ከመምጣቷ በፊት ንግግሬን አንድ ጊዜ ልሞክረው ብዬ ስነሳ የመኪና ድምፅ ሰማን። ሰው ሁሉ ዞረ። ፒክ አፕ ነው፤ ፖሊሶችና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከኋላው ይዘላሉ።

«ሰብሳቢው ማነው?» አለ አንደኛው።

ሊቀመንበሩ እጃቸውን አወጡ።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?»

«ልናገር ነው» አልኩ።

ሁለታችንን መኪናው ላይ አወጡን። አንዲት ጎረቤቴ ነጠላዋን አውልቃ ወርውራ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ሌላው ሰው ከተቀመጠበት አልተነሳም። ባለመነሳቱ አልፈርድበትም። መንገድ ላይ፣ «አሳልፋ ሰጠችን» አልኳቸው ሽማግሌውን። «አይታወቅም፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ በኋላ እስክፈታ ድረስ ፊት ለፊት አላነጋገርኳቸውም።

የገባሁበት ክፍል በፊት የቀበሌ እህል ማከማቻ የነበረ ነው። ግድግዳው ላይ የጆንያ ቁልል ያስቀረው ቅባት ይታያል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። ላይኛው ጥግ ላይ በወንፊት ሽቦ የታጠረ ቀዳዳ አለ፤ በእሱ በኩል የወፍጮ ቤት ድምፅ ይገባል። ጥግ ላይ ባልዲ። የቀረው ሰው ነው።

ብዙ ሴቶች ገብተው ወጥተዋል። ከእኔ ጋር የቆዩት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ የፉሪ ገበሬ ናቸው፤ አያት የሆኑ፣ ፀጉራቸው የነጣ እናት። አባት አያታቸው ያረሱት ማሳ ላይ ለመሬት መለኪያ ካስማ ቢተከልባቸው፣ ካስማውን በሙሉ ነቅለው አንድደውበታል። «ደረቅ ነበር፤ ጥሩ ነደደ» ይሉ ነበር ሲጠየቁ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ ጎፋ መንገድ ዳር ሰልባጅ የምትሸጥ ወጣት ሴት ናት። ልብሷን የወረሰባትን ደንብ አስከባሪ ተሳድባ ነው የገባችው። አፏ አያርፍም። እኔን «ቲቸር» ትለኛለች።

መርማሪዬ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። ሲያናግረኝ ጥፍሩን ያያል።

«ተመራጯን ለምን ጠራችኋት?»

«ችግራችንን ልንነግራት።»

«ምርጫ መቼ ነው?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው? ሕዝብ በምርጫ ይናገራል። የተናገረውን ተናግሯል። በመሃል ተነስቶ የሚናገር ሌላ ዓላማ ያለው ነው። ከጀርባችሁ ማን አለ?»

«ከጀርባችን ወንዝ ነው ያለው» አልኩ። ለመቀለድ አልነበረም፤ ስለ ደከመኝ ነው። በጥፊ መታኝ። የመታኝም ድምፁን ሳይጨምር ነበር። ስብሰባውን የጠሩት የመንግሥት ተቃዋሚዎች ናቸው ብዬ እንድፈርም ፈለገ። አልፈረምኩም። ሽማግሌውም እንዳልፈረሙ በሳላቸው አወቅሁ። የወንዶቹ ክፍል ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ ከምርመራ በተመለሱ ቁጥር ሳሉ ይረዝማል። እማማ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ያዳምጡና፣ «አሉ» ይላሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩም።

እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የማስበው ስለ እሷ ነበር። ሲመቱኝ የምጠላው መርማሪውን አልነበረም። እሱን አልመረጥኩትም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ባልዲው ተደፍቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በሩ ያለ ሰዓቱ ተከፈተ። ኮንጎ ጫማ ያደረገው ጠባቂ አንዲት ሴት ወደ ውስጥ ገፍትሮ ዘጋው። ሱፍ ጉርድና ኮት ለብሳለች። አንዱ ጫማዋ ተረከዙ ስለተሰበረ ሁለቱንም በእጇ ይዛቸዋለች። የስቶኪንጓ ጣት ተቀዷል። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ግቢ፣ ቦታ የለም እንጂ ሰው አይጠላም» አለቻት ሰልባጅ ሻጯ።

እኔ አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ መሰለኝ፤ ጫማዎቿን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ቲቸር፣ ታውቂያታለሽ?»

«የመረጥናት ናት» አልኩ።

እማማ፣ «ዋቃዮ!» አሉ፤ አምላክን መጥራታቸው ነው። «ይቺ ናት? እኛ ዘንድ መጥታ ከሾላው ሥር የተናገረችው?» ተነስተው ቀረብ ብለው ፊቷን አዩ። «እሷ ናት» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ዝም ብዬ ልቆይ ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። ሰፈር ውስጥ «እርስዎ» ነበር የምንላት፤ ያን ቀን አንቺ አልኳት።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

ቆማ እንዳለች መለሰች። «ፈቃድ ጠየቅሁ።»

«ከማን?»

«ከበላዮቼ። ያለ እነሱ ፈቃድ ሕዝብ ማነጋገር አይቻልም። ቅዳሜ የት እንደምሄድ ነገርኳቸው። ቢከፋ አትሄጂም ይሉኛል ብዬ ነበር። እናንተን ይይዛሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ስማችንንስ?»

ጫማዎቿን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ማን ጠራሽ አሉኝ። እድሩ ነው አልኩ። ስም አሉኝ። ሰጠሁ።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ሰልባጅ ሻጯ። እንዲያ ተናግራ አንድም ቃል ሳትጨምር ስትቀር ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሽማግሌው ማዶ ናቸው» አልኳት። «እየሳሉ ነው። ስሚያቸው።»

እውነትም ይስሉ ነበር። ሰማች። ቀስ እያለች በሩን ተደግፋ ወረደችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የወለሉ እርጥበት በጉርዷ ሲገባ ይታየኛል።

«ከተያዛችሁ በኋላ በግምገማ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ» አለች። «ሰዎቹ ይፈቱ፤ የጠሩኝ መራጮቼ ናቸው አልኩ። አንቺ የማን ተመራጭ ነሽ አሉኝ። የእነሱ አልኩ። እዚያ ላይ ነው የተበላሸው። ሦስት ቀን ሙሉ ገመገሙኝ። ጓደኞቼ ሁሉ እየተነሱ ስለ እኔ ተናገሩ።»

አላዘንኩላትም። ልዋሽ አልፈልግም። እንዲያውም ትንሽ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስ ማለቴ አስጠላኝ።

እማማ ናቸው ነገሩን የያዙት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እግራቸውን ሰበሰቡ፣ ሸንጎ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው።

«እንግዲህ መጥተሻል» አሏት። «እዚህ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው የለም። እኛ እንናገራለን፤ አንቺ ስሚ።»

«እማማ፣ ምን ያደርጋል? አሁን ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ያኔ ስትችዪስ ምን አደረግሽ? ስሚ አልኩሽ እንጂ አድርጊ አላልኩሽም።»

እሳቸው ጀመሩ። ስለ ማሳቸው ነገሯት፤ የትኛው ጥግ ጤፍ እንደሚያበቅል፣ የትኛው ጥግ ላይ ባላቸውን እንደቀበሩ። መንገድም ቤትም ይሠራ፣ ከተማው መምጣቱ አይቀርም፤ ግን አንድ ሰው መጥቶ «እናቴ፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ካስማውን አላነድም ነበር አሉ። ሰልባጅ ሻጯ ቀጠለች። የምትሸጥበት ቦታ እንዲሰጣት ትፈልጋለች፤ መሮጥ ሰልችቷታል። «ሩጫ ከፈለጋችሁማ ለኦሎምፒክ መልምሉን» ስትል እማማ ሳቁ፤ ተመራጯ ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ ታያታለች።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድንኳኑ ውስጥ ልናገር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ምስጋና ያለበት፣ «ክብርት ተመራጫችን» የሚል። አንዱም ትዝ አላለኝም። ስለ ጎረቤቴ ነገርኳት። ቃሬዛውን፣ ጃንጥላውን፣ ከማዶ ጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ የምናየውን። «ይታየን ነበር» አልኳት። «ድልድይ ነው የምንፈልገው። አዳራሽ አይደለም። ያን ልንነግርሽ ነው የጠራንሽ።»

«ስለ ሴትዮዋ ሰምቻለሁ» አለች።

«ሰምተሻል?»

«ሪፖርቴ ውስጥ አስገብቼው ነበር። አውጪው፣ የአካባቢውን ገጽታ ያበላሻል አሉኝ። አወጣሁት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አንስታ፣ «ስሟን ግን አላውቅም ነበር» አለች።

ነገርኳት። በቀስታ ደገመችው።

ቀኑ እንዲያ ሄደ። አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም፣ ስለ ራሷም አላወራችም። አንዳንዴ ትጠይቃለች፤ ወንዙ የት ላይ ነው የሚጠበው፣ ከፉሪ በኩል ስንት ቤተሰብ ይመጣል፣ ልጆቹ በየት ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ጥያቄዎቿ ጥሩ ነበሩ። ያ ነው ያናደደኝ። ድንኳኑ ውስጥ ብትጠይቀን ኖሮ እድሩ በሙሉ ይመልስላት ነበር።

ወደ ማታ እስረኛ ለመቁጠር እንደተለመደው በሩ ተከፈተ። ግን ጠባቂው ብቻውን አልነበረም። አለቃ የሚመስል፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው አብሮት ነው። በየተራ ስምና ሥራ ጠየቀን። እሷ ዘንድ ደረሰ።

«ሥራ?»

በባዶ እግሯ ተነሳች። «የምክር ቤት ተመራጭ።»

«ነበርሽ። ተነስተሻል።»

«ማን አነሳኝ?»

«ሕዝቡ አነሳሽ» አለ። መሰልቸት እንጂ ቁጣ አልነበረበትም።

እማማ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሕዝቡ ማነው፣ ልጄ?» አሉት። «እኔ የፉሪ ነኝ። መርጫታለሁ። አላነሳኋትም።»

«ተቀመጪ፣ አሮጊት።»

አልተቀመጡም። ሰልባጅ ሻጯ ልብሷን እያራገፈች ተነሳች። «እኔም ጎፋ ተሰልፌ መርጫታለሁ። ማንም አንሺያት አላለኝም።»

እኔ ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌው ማዶ እየሳሉ ነው። ስማችንን የሰጠች ሴት አጠገቤ ቆማለች። ከዚያ ተነሳሁ። «ሀና ማርያም» አልኩ። «መርጫታለሁ። አላነሳኋትም።»

ሰውየው ለጥቂት ጊዜ አየን። የሚጽፍ መስሎኝ ነበር፤ ምንም አልጻፈም። ለጠባቂው ራሱን ነቀነቀለት። ጠባቂው እማማን በጠመንጃው ሰደፍ ደረታቸው ላይ ገፋቸው፤ ባልዲው ላይ ወደቁ። ሰልባጅ ሻጯን በፀጉሯ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት። እኔን በኮንጎ ጫማው ጭኔ ላይ ረገጠኝ። ተመራጯን ይዘዋት ወጡ። ከበሩ ሳትወጣ ዞር ብላ፣ «ሰምቻለሁ» አለች። ለእማማ ይሁን ለሁላችን አላወቅሁም። በሩ ተዘጋ። በኮሪደሩ ጫፍ ሲመቷት ሰማን።

ለቀጣዮቹ ቀናት ስንቃችንን ከበር እየመለሱብን በውሃ ብቻ ቆየን። ወደ ፀሐይም አላወጡንም። እማማ ሲተነፍሱ ጎናቸውን ይይዙ ነበር። እኔና ሰልባጅ ሻጯ ወለሉን ከነሽንቱ በነጠላዬ ጠረግን። ስለዚያ ምሽት አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፀጉሯ የተነቀለበትን ቦታ እየዳሰሰች፣ «ቲቸር፣ ዘገየሽ እኮ» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ተመራጯ ወደዚያ ክፍል አልተመለሰችም። እኔ ከወራት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። የማስተማር ሥራዬ ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ሊቀመንበሩ ከእኔ ቀድመው ወጥተው ነበር። ልጠይቃቸው ስሄድ ደረታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስማቸውን እንደሰጠችም። ፎጣውን አጠበቁና፣ «በመጨረሻ መምጣቷ ደግ ነው» አሉ። ክረምቱ ሳይገባ ሞቱ። ድንኳኑን ለእሳቸው ተከልነው። አዳራሹ በዚያው ዓመት ተሠራ። ድልድዩ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከሌላ መንገድ ሥራ ጋር ተያይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ።

ተመራጯን አንድ ጊዜ ብቻ አይቻታለሁ። ጎፋ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከፊቴ ቆማ ነበር። ከስታለች፣ አንድ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ወርዶበታል። እኔ ነኝ የጠራኋት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የጠየቀችኝ ስለ እማማ ነው። ማረፋቸውን፣ ማሳቸው ቤት በቤት መሆኑን ነገርኳት። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብረን ተንቀሳቀስን።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ያን ቀን አንቺ ለምን ተነሳሽ? ሌሎቹን አልበደልኩም። አንቺን ግን በድያለሁ።»

ታክሲው መጣ። ሰው ገፋን። መልስ ሳልሰጣት ገባች፤ መስኮቱ ውስጥ ሆና አየችኝ።

መልሱን አሁን አውቀዋለሁ። ይቅር ብያት አልነበረም። ዛሬም ይቅር ብያት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሽማግሌው ትዝ ሲሉኝ አላልኳትም፣ ባዶ እግሯ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ብያታለሁ። የተነሳሁት የእኛ ስለነበረች ነው። የሾምናት እኛ ነን፤ መሻሩም የእኛ ነበር። ያለን ነገር ያ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ያ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው በእኛ ስም ሲወስደው ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ከዚያ ክፍል ስወጣ ይዤው የምወጣ ነገር አይኖረኝም ነበር።